አልጋ ዳር የምትቀመጥ ትንሽ ፍሪጅ፦ ከመግዛትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በጅዳም ሆነ በመካ ሕይወት የሚደምቀው ከመሸ በኋላ ነው። ሙቀቱ ጋብ ሲል ሱቆች ይከፈታሉ፣ እንግዳ ይመጣል፤ በረመዳን ደግሞ ሌሊቱ እንደ ቀን ይሆናል። በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ዕቃ አጥባ፣ ልጆች አስተኝታ ወደ ክፍሏ ስትገባ እኩለ ሌሊት አልፎ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም እንዲሁ ነው። ረሃብ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ሲሆን፣ የቤቱ ወጥ ቤት ግን ተዘግቷል።

መኝታ ክፍል ውስጥ ትንሽ ፍሪጅ (እዚህ እንደምንለው «ተላጃ») ማስቀመጥ የተለመደው ለዚህ ነው። እርስዎም ለመግዛት ካሰቡ፣ ከዋጋው በፊት ማየት ያለብዎት ነገር አለ፤ ምግብዎን ወይም መድኃኒትዎን አደራ ሊሰጧት ነውና።

ሁሉም ትንሽ ፍሪጅ ፍሪጅ አይደለም

ገበያ ላይ በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው እንደ ትልቁ ፍሪጅ ሞተር (ኮምፕሬሰር) አለው። ሁለተኛው ያለ ሞተር፣ በኤሌክትሪክ ሳህንና በትንሽ ማራገቢያ የሚሠራ ነው፤ ቀላል፣ ርካሽና ድምፁም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመኝታ ክፍል የተሠራ ይመስላል።

ችግሩ ይህኛው የሚያቀዘቅዘው ከክፍሉ ሙቀት ተነስቶ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ዝቅ በማድረግ ነው። ኤሲ ጠፍቶ ክፍሉ 35 ዲግሪ ከደረሰ፣ ውስጡ ከ15 ዲግሪ በታች ላይወርድ ይችላል። ለውሃና ለለስላሳ ይበቃል፤ ለሥጋ ወጥ፣ ለወተትና ለኢንሱሊን ግን አይሆንም። እነዚህን ሊያስቀምጡ ካሰቡ ባለ ሞተሩን ይግዙ።

ቁጥሩ ዲግሪ አይደለም

በትርጉም ሥራዬ ከማያቸው የዕቃ መመሪያዎች እንደተረዳሁት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስተካከያዋ ላይ ነው። በብዙዎቹ ላይ ከ0 እስከ 7 የተጻፈው ቁጥር ዲግሪ ሳይሆን የጉልበት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል። 4 ላይ ስላደረጉት ውስጡ 4 ዲግሪ ነው ማለት አይደለም። ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ገዝተው ውስጧ ያስቀምጡ። ለምግብ የሚፈለገው 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው።

ሩዙን አይናቁት

ከእራት የተረፈ ካብሳ ወይም ቡኻሪ ለሌሊት የሚመች ምግብ ነው። የበሰለ ሩዝ ግን ውጭ ሲያድር የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ባክቴሪያው የሚተወው መርዝ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። የበሰለ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት፤ አካባቢው ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ። ትልቅ ድስት እንዳለ ከማስገባት በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ማስገባት ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። የገባውንም ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨርሱት።

ማሸጊያው ላይ ያለውን አረብኛ ለመለየት ለእኛ የሚቀል መንገድ አለ። «ዩሕፈዝ ሙበረደን» ማለት በቅዝቃዜ ይቀመጥ ማለት ነው፤ «ሙበረድ» የሚለው ቃል ከእኛው «በረደ» ጋር አንድ ሥር ስላለው አይረሳም። «ሙጀመደን» ካለ ግን በረዶ ሆኖ፣ ማለትም ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ ማለት ነው። መድኃኒት ላይ «ላ ዩጀመድ» የሚል ካዩ በረዶ እንዳይሆን እያስጠነቀቀ ነው።

ኢንሱሊን ለሚወስዱ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። በትንሽ ፍሪጅ ትልቁ አደጋ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለችው የበረዶ ሳጥን አጠገብ ያለውን ሁሉ ታረጋዋለች። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወሰድም፤ ይጣላል። ስለዚህ ከበረዶ ሳጥኗና ከኋላው ግድግዳ አርቀው ያስቀምጡት።

ለዑምራ ወይም ለሐጅ መካ ሆቴል የሚያርፉ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ ሆቴሎች የበሩን ካርድ ከግድግዳው ነቅለው ሲወጡ የክፍሉ መብራት ይቋረጣል፤ ፍሪጇም አብራ ልትጠፋ ትችላለች። ሐረም ለመሄድ ከመውጣትዎ በፊት እንግዳ መቀበያውን ይጠይቁ። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ በሐጅ ወቅት መካ ላይ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ሙቀት መድኃኒት ቶሎ ሊበላሽ ይችላል።

ሌሊት ስኳር ለሚወርድበት ሰው ደግሞ አልጋው አጠገብ የሚያስፈልገው ግማሽ ኩባያ ያህል ጭማቂ ነው። ያለ ቅዝቃዜ የሚሸጥ የታሸገ ጭማቂ እስኪከፈት ድረስ ፍሪጅ አይፈልግም፤ እጅ የሚደርስበት ቦታ መኖሩ ይበልጣል።

ሶኬትና ሂሳብ

ፍሪጇን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰኩ። ኤሲ፣ የውሃ ማፍያና ፍሪጅ አንድ ማከፋፈያ ላይ መደርደር እሳት ያስነሳል። ከኋላዋ አየር እንዲያልፍ ከግድግዳ ራቅ ያድርጓት፤ ልብስ አይደርቡባት።

የኤሌክትሪክ ወጪው ብዙ አያስፈራም። ባለ ቀለሙ የኃይል ቁጠባ መለያ ላይ የዓመት ፍጆታው ይጻፋል። 150 ኪሎዋት ሰዓት ቢል፣ በመኖሪያ ቤት የመጀመሪያ እርከን በ18 ሃላላ ሂሳብ 27 ሪያል፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር ወደ 31 ሪያል ይሆናል፤ ይህም ለሙሉ ዓመት ነው።

ነገ በካርጎ ወደ ሀገር ቤት ልትላክ የምትችል ከሆነ ደግሞ ከጀርባዋ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። በሳዑዲ በ127 ቮልት የሚሠሩ አሮጌ ቤቶችና ዕቃዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ፣ የሳዑዲው 60 ኸርዝ ስለሆነ «220–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚለውን ይምረጡ።

ሳይጠይቁ አያስገቡ

በአሠሪ ቤት የሚኖሩ ከሆነ አስቀድመው ያስፈቅዱ። ሳይነገር የገባ ዕቃ ሐሜትና ጥርጣሬ ያመጣል። «ሙምኪን አሑጥ ተላጃ ሰጊራ ፊ ጉርፈቲ?» ማለት «ክፍሌ ውስጥ ትንሽ ፍሪጅ ባስቀምጥ ይቻላል?» ማለት ነው። ለመድኃኒት ከሆነ «ዐሻን አድ-ደዋ» (ለመድኃኒቱ ብዬ ነው) ብለው ይጨምሩበት። የግዢ ደረሰኙንም በስምዎ ይያዙት፤ ሥራ ሲለቁ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚመሰክርልዎ እሱ ነው።

ክፍል የሚጋሩ ከሆነም የየራሳችሁን መደርደሪያ ለዩ፤ ዕቃው ላይ ስምና ቀን ጻፉ። ዳቦ ቆሎው፣ ደረቅ ተምሩና በሶው ግን ፍሪጅ አይፈልጉምና ቦታውን ለሚበላሸው ይተዉት።