ኔት ሲዘጋ የሚነበብ ገጽ

ከኤፕሪል 2023ቱ ጦርነት በፊት ካርቱም ዐማራት ውስጥ ስሠራ፣ ከሰርቨሮቻችን ገሚሱ ሊኑክስ፣ ገሚሱ ዊንዶውስ ነበር። ሁሉንም የምናስተዳድረው አንሲብል በተባለ መሣሪያ ነበር። አንሲብል ሥራውን ሞጁል በሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ያከናውናል። ሊኑክስ ላይ ፋይል የሚያደርሰው «ኮፒ» በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ እዚያ በፓወርሼል የተጻፈው «ዊን ኮፒ» ነው የሚያገለግለው። አዲስ የገባ ባለሙያ ይህን የሚያውቀው የ«ኮፒ» መግለጫ ገጽ ራሱ ከነገረው ነው።

ጎግል ማድረግ ይቻላል የሚል ይኖራል። ሱዳን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2019 የተቃዋሚዎች ሰፈር በኃይል ከተበተነ በኋላ ኢንተርኔት ለአንድ ወር ያህል ተዘግቷል፤ ከኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም እንዲሁ ለሳምንታት። በዚያ ጊዜ የሚቀረው ኮምፒውተሩ ላይ አብሮ የተጫነው መግለጫ ነው፤ «አንሲብል ዶክ» የተባለው ትእዛዝ ያለ ኔት ያወጣዋል። ሞጁሎቹ ያን ጊዜ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር፤ ስሙን የማያውቁትን ከዚያ ሁሉ መሃል መፈለግ አድካሚ ነው። ሜይ 2019 የወጣው አንሲብል 2.8 ተዛማጅ ሞጁሎችን የሚጠቁም ራሱን የቻለ ክፍል ወደ መግለጫዎቹ ሲጨምር በጣም የተደሰትኩት ለዚህ ነው።

ስም መጠቆም ብቻውን ግን አይበቃም። «ኮፒ» ላይ የፋይሉን ፈቃድ የሚወስነው «ሞድ» «ዊን ኮፒ» ላይ የለም፤ ፈቃዱን ለመስጠት «ዊን ኤሲኤል» የተባለ ሌላ ሞጁል መጥራት ግድ ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ አገልግሎት ማሽኑ ሲበራ አብሮ ይነሳ ወይስ አይነሳ የሚለው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ በራሱ የሚነሳ፣ ዘግይቶ የሚነሳ፣ በእጅ የሚነሳና የታገደ ተብሎ ለአራት ይከፈላል። የሊኑክስና የዊንዶውስ ሞጁሎች የአጎት ልጆች እንጂ መንትዮች አይደሉም። ጠቋሚው መስመር ልዩነታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስቀምጥ ስንት ሌሊት ይተርፋል!

ጥቆማው በሁለቱም አቅጣጫ ይሁን። እኛ ቢሮ ብዙዎቹ ዊንዶውስ ላይ የሠለጠኑ ስለነበሩ መጀመሪያ የሚከፍቱት የ«ዊን ኮፒ»ን ገጽ ነበር። ወደ ሊኑክስ የሚያሻግራቸው መስመር እዚያው ገጽ ላይ መኖር አለበት፤ አንሲብል ኮዱ ክፍት ስለሆነ የጎደለውን መስመር ጽፎ ማሻሻያ መላክ ለማንም ይቻላል።