ቁንጫና የውሻ ቆዳ

ቤታችንን የሚጠብቀው ውሻ ወገቡንና የጭራውን ሥር ዘወትር ሲያክ፥ ጠጕሩም ሲረግፍ ባየን ጊዜ «እከክ ይዞታል» ብለን እናባርረዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ቁንጫ ነው። የቁንጫ ምራቅ ለአንዳንዱ ውሻ ስለማይስማማው የጥቂት ቁንጫ ንክሻ እንኳ ቆዳውን ያቆስለዋል፤ ይህም አለርጂ ይባላል።

የቁንጫው እንቍላልና ትል በውሻው መኝታና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አድጎ፥ በሙቀት ጊዜ በ3 ሳምንት ያህል አዲስ ቁንጫ ይሆናልና፥ ውሻውን ብቻ ማጠብ አይበቃም። ስለዚህ መኝታውን በፈላ ውሃ እንጠብ፤ ወለሉን እንጥረግ፤ ጥራጊውንም እናቃጥል። ላምባ መቀባት ቆዳውን ያቃጥለዋልና መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም እንጠይቅ። ቁንጫ በድንገት የዋጠ ሕፃን የአንጀት ትል ሊይዘው ስለሚችል፥ የውሻውን ጤና መጠበቅ የልጆቻችንን ጤና መጠበቅ ነው።