የቃሊቲ ባቡር ትርፍ በማን ደብተር ይጻፋል?

ከቃሊቲ ተነስቶ በሳሪስና በጎተራ በኩል ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚዘልቀው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ስሙ ከኪሳራ ጋር መነሳት ከጀመረ ቆይቷል። ቲኬቱ ወጪውን አይሸፍንም፤ ይህ እውነት ነው። በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ መፍረድ ግን ከተማዋን፣ ይልቁንም አቃቂ ቃሊቲን፣ ብዙ ያስከፍላታል ብዬ አምናለሁ።

መስመሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች ከሚወስደው ጋር ተደምሮ ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን 85 በመቶው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። አንድ ዶላር ያኔ ወደ 21 ብር ስለነበር፣ ረጅሙን መንገድ የተጓዘ ሰው 29 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ይከፍል ነበር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ፤ ዶላርም ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ተመን ያው 6 ብር 6 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ገቢው በብር፣ ዕዳውና መለዋወጫው በዶላር የሆነ ድርጅት በእንዲህ ያለ ለውጥ ሳይጎዳ ሊወጣ አይችልም።

ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ የቆሙትም ተሳፋሪ ጠፍቶ አይደለም፤ መለዋወጫ ጠፍቶ ነው። የባቡር ወጪ ትልቁ ክፍል ደግሞ ባቡሩ ሄደም ቆመም የሚከፈል ነው። ሐዲዱ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ጣቢያውና የጥበቃው ደሞዝ በመስመሩ ላይ አሥር ባቡር ቢኖርም አርባ ቢኖርም ያው ነው። ስለዚህ አንድ ባቡር በቆመ ቁጥር የቀሩት ተሳፋሪዎች የነፍስ ወከፍ ወጪ ይንራል፤ መጠበቁ ሲረዝም ሰዉ ወደ ታክሲ ይሸሻል፤ ገቢው ሲቀንስ መለዋወጫ መግዣው ይርቃል።

በቲኬት ሒሳብ ውስጥ የማይታየው ትርፍ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ባቡሩ የሚሄደው በአገር ውስጥ ኃይል ነው፤ ሚኒባሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ ግን በዶላር ተገዝቶ ከወደብ ይጫናል። ለባቡሩ መለዋወጫ ዶላር የከለከልን እንደሆነ፣ ያንኑ ዶላር ለነዳጅ እናወጣዋለን። መንግሥት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የታለመ የነዳጅ ድጎማ መስጠት ሲጀምር፣ የተሳፋሪው ጉዞ የሕዝብ ጉዳይ መሆኑን ተቀብሏል። ይኸው አመክንዮ በኤሌክትሪክ ለሚሄደው ባቡር ይበልጥ እንጂ አያንስም።

አሮጌው የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ደረሰ። ፋብሪካዎችም በዚያው ዳርቻ ተተከሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው ሐዲድ ግን ቃሊቲ ላይ ቆሟል፤ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከማብቂያው ወዲያ ናቸው። ከቱሉ ዲምቱ የሚወጣ ሠራተኛ ባቡሩን ለማግኘት መጀመሪያ ታክሲ ይሰለፋል። ሁለት ሰልፍ፣ ሁለት ክፍያ። ፈረቃው ላይ ሲዘገይ ኪሳራው የቀጣሪውም ነው፤ ይህም በባቡሩ ሒሳብ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ መሬቱ ነው። ጣቢያ ሲመጣ በዙሪያው ያለው ቦታ ዋጋው ያድጋል። የሆንግ ኮንግ ሜትሮ ይህን ቀድሞ ስላወቀ በጣቢያዎቹ ዙሪያ የመገንባት መብት አግኝቶ፣ ከዚያ በሚያገኘው ገቢ መስመር ይዘረጋል። በእኛ አገር መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ 721 መሠረት ለጨረታ የሚያቀርበውም ከተማው ራሱ ነው። የሆንግ ኮንግ ሜትሮ በልዩ ስምምነት ያገኘውን ዕድል አዲስ አበባ በሕግ ይዛዋለች። ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ባሉ ጣቢያዎች ዙሪያ ከሚገኘው የሊዝ ገቢ የተወሰነው በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ለመለዋወጫ፣ ቀጥሎ መስመሩን ወደ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ለማስረዘም ይዋል።

ሊዝ ብር እንጂ ዶላር አያመጣም የሚል ይኖራል። ተመኑ ከመለቀቁ በፊት ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ ብር ያለውም የዶላር ወረፋ ይጠብቅ ነበርና። አሁን ዶላሩ በዋጋው ይገዛል፤ ዋናው ጥያቄም ለባቡሩ መግዣ የሚሆን ብር መመደቡ ነው። ይህን መወሰን የሚችለው ደግሞ በጀቱን የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው።