ግማሽ ጎኑ የዛለበት ልጅ ከመድኃኒት ሌላ ምን ያስፈልገዋል?
መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውኃ ወይም ቋራ ውስጥ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በድንገት አፉ ቢጣመም፣ አንድ እጁ ቢዝልና አንደበቱ ቢተሳሰር፣ ጎረቤት ቀድሞ የሚለው «ተለክፎ ነው» ነው። ይህ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ስትሮክ የሽማግሌ በሽታ ስለሚመስለን ልጅ ላይ አንጠብቀውም። ልጅንም ግን ይይዛል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ሞያሞያ የሚባል ብዙም የማያጋጥም በሽታ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ትልልቅ የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጠባሉ፤ በምትካቸው የሚበቅሉት ቀጫጭን ሥሮች በምስል ሲታዩ ጭስ ይመስላሉ። ስሙን ያወጡለት ጃፓኖች ናቸው። ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታም ልጅን ለስትሮክ ይዳርጋል፤ ሞያሞያንም ሊያስከትል ይችላል። ሲክል ሴል ሱዳን ውስጥ የታወቀ ስለሆነ፣ ወሰን ተሻግሮ በሚዋለደው የመተማ ሕዝብ መካከል ሐኪም ሊያስበው ይገባል።

ሞያሞያ ያለበት ልጅ አምርሮ ሲያለቅስ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የአንጎሉ የደም ሥሮችም የባሰ ይጠባሉ። ያን ጊዜ እጁ እንደገና ሊዝል ይችላል። ስለዚህ ልጁን ማባበል የሕክምናው አካል ነው። ቆላው በሚነድበት በሚያዝያ ውኃ እንዳይጠማው መጠበቅም እንዲሁ። ችግሩ፣ ይህን የሰማች እናት ልጇን እምቢ ማለት ትፈራለች፤ እሱ ብቻ ሲሞላቀቅ የሚያዩ ታላላቆቹም ያኮርፋሉ። እምቢ ይባላል፤ ግን በዝግታ፣ ሳይጮኹ፣ ልጁን ቀስ ብሎ መተንፈስ እያስለመዱ።

ልጁ ራሱ ብዙ ጊዜ «ስላጠፋሁ ነው» ብሎ ያምናል። የጎረቤት ሹክሹክታ ደግሞ ያጸናበታል። ወንድሞቹና እህቶቹ በተሰበሰቡበት እንዲህ ይነገረው፦ «ወደ ጭንቅላትህ ደም የሚወስደው ሥር ጠቦ ነው። ጥፋትህ አይደለም፤ ከልጅ ወደ ልጅም አይጋባም።»

ማዕድ ላይ ግን ሐዘኑ ይከብዳል። በግራ መብላት ነውር ነው፤ የዛለው ቀኙ ከሆነ ደግሞ በእሱ ሲሞክር ወጡ ይንጠባጠብበታል፤ ስለዚህ «አልራበኝም» ብሎ ይነሳል። አባት እንግዳ ባለበት ጭምር «በግራህ ብላ ልጄ» ማለት አለበት። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ሁሉ በጉርሻ ከሆነ ግን የዛለው እጅ ሥራ ይፈታል፤ እጅ የሚበረታውም ሲሠራ ነው። ሰሃን መደገፍ፣ ስኒ ማቀበል ጥሩ ልምምድ ነው።

ጸበል የሚወስዱትን ቤተሰቦች መገሠጽ አይጠቅምም። መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ልጁ በጾም እንዳይዳከም፣ በተለይ ሲክል ሴል ካለበት ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይወርድበት መስማማት ይሻላል፤ ብርድ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላልና። የነፍስ አባት ይህን ከተናገረ ቤተሰቡ ይሰማል።

የአንጎል ምርመራው ጎንደር ድረስ ያስኬዳል፤ መንገዱም ሁልጊዜ ሰላም አይሆንም። የዕለት ተዕለቱ ድጋፍ ግን እዚያው ቀበሌ ካሉ ሰዎች ሊገኝ ይችላል፦ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ከመምህሩ፣ ከቡና አጣጪዎች። መምህሩ ልጁን ፊት ያስቀምጠው፤ ለጽሑፍ ጊዜ ይጨምርለት፤ ቶሎ ሲደክመው «ሰነፍ» አይበለው። አባት ለሰሊጥ አጨዳ ሲወጣ ደግሞ እናቲቱ ሌሊቱን ብቻዋን የልጇን ትንፋሽ ስታዳምጥ ታድራለች። አንዷ ጎረቤት መጥታ «ዛሬ እኔ አጠገቡ ልተኛ፤ አንቺ እረፊ» ብትላት ያ ሌሊት ይቀልላታል።