ከሳንባው ጋር የሚወጡት የሊምፍ ዕጢዎች

የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲያልቅ ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው «ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ወጣ ወይ?» ብሎ ነው። የታማሚው ቀጣይ ዕጣ በደንብ የሚለየው ግን ከቀናት በኋላ፣ የፓቶሎጂ (የወጣው አካል በላብራቶሪ የሚመረመርበት) ውጤት ሲደርስ ነው። እዚያ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያላቸው የሊምፍ ዕጢዎች ናቸው፤ ብሽሽት ላይ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ዓይነት።

ዕጢዎቹ ከሳንባ የሚወጣውን ፈሳሽ ያጣራሉ። ከካንሰሩ የተላቀቀ ሕዋስም በዚያው ፈሳሽ ተጉዞ እነሱ ውስጥ ሊራባ ይችላል። ዕጢዎቹ የሚገኙባቸውን ቦታዎች ሐኪሞች ከ1 እስከ 14 ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ለምሳሌ 7 ቁጥር ዋናው የአየር ቧንቧ ለሁለት ከሚከፈልበት ሥር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከየቦታው ያወጣውን ለየብቻ ዕቃ ውስጥ ከትቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ይልካል። ፓቶሎጂስቱ ሲሰነጥቃቸው ብዙዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ጥቁረቱ ግን ለዓመታት ከተሳበ ጭስና አቧራ የመጣ እንጂ ካንሰር አይደለም። ካንሰሩ የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው።

ዕጢዎቹ ንጹሕ ከሆኑ ደረጃው ኤን0 ይባላል። ካንሰሩ ሳንባው ውስጥና መግቢያው ላይ ባሉት ከተገኘ ኤን1፣ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ በታመመው ሳንባ ጎን ወይም በመሃሉ ባሉት ከተገኘ ኤን2፣ ወደ ተቃራኒው ጎን ወይም ወደ አንገት ሥር ከተሻገረ ኤን3 ነው። ለ8ኛው ዓለም አቀፍ የደረጃ አመዳደብ በተሰበሰበው መረጃ፣ «ስሞል ሴል» ከሚባለው ዓይነት ውጪ ላለው የሳንባ ካንሰር ከተደረገ ቀዶ ሕክምና በኋላ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩት በኤን0 75 በመቶ፣ በኤን1 49 በመቶ፣ በኤን2 36 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኤን2 ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በአንድ ቦታ ብቻ የተገኘበት ሰው በብዙ ቦታ ከተገኘበት የተሻለ ዕድል አለው። 9ኛው አመዳደብም ሁለቱን ለይቷቸዋል።

ካንሰር ያለበት ዕጢ ሕመሙ ከመነሻው መውጣቱን ያሳያል፤ ያልታየ ሕዋስ ሌላም ቦታ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወይም በኋላ ኬሞቴራፒና እንደ ካንሰሩ ዓይነት ሌሎች መድኃኒቶች ይታከላሉ።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቲቢም የደረት ዕጢዎችን ያሳብጣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሲቲ ስካን ያበጠ ዕጢ ታየ ተብሎ ብቻ «ተሰራጭቷል» ማለት፣ ቀዶ ሕክምና የሚገባውን ሰው ሊያስቀር ይችላል። ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።

የ«ንጹሕ ነው» መልስም የሚታመነው በቂ ዕጢ ከወጣ ነው፤ ያልወጣ ዕጢ አይመረመርም። ውጤቱን የሚቀበል ቤተሰብ «ስንት ዕጢ ወጣ? ከየትኞቹ ቦታዎች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ኤን0 የሚለው ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚታመን ይነግረዋል።