ከበረራ ፈቃድ እስከ መጀመሪያው ሥራ፦ አዲስ አብራሪ አየር መንገዱን እንዴት ይምረጥ?

ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ 55 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠይቃል። በአምባሰል ተራሮች ሥር የሚማር ልጅ ግን አውሮፕላን ለማየት እዚያ ድረስ መውረድ አያስፈልገውም፤ ድምፁን ሲሰማ ቀና ማለት ይበቃዋል። “ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?” ሲባል “አብራሪ” ብሎ የሚመልስ ልጅም በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም።

ከዚያ መልስ በኋላ ያለው መንገድ ግን ለብዙ ቤተሰብ ግልጽ አይደለም። በተለይ ሥልጠናውን አጠናቅቆ ፈቃድ የያዘ ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን የሚመርጥበት ወቅት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ጉዳዩ የወጣቱ ብቻ ሳይሆን ለሥልጠና ክፍያ ከብቱን የሸጠ፣ ቤቱን ያስያዘ ወይም ዋስ ሆኖ የፈረመ ወላጅም ጉዳይ ነውና።

ፈቃድ ሥራ አይደለም

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው የበረራ ፈቃድ ደረጃ ደረጃ ያለው መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መመዘኛ መሠረት የግል አብራሪነት ፈቃድ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። በክፍያ ለማብረር የሚያስችለው የንግድ አብራሪነት ፈቃድ በመደበኛው መንገድ 200፣ በተቀናጀና እውቅና ባለው ሥልጠና ደግሞ 150 ሰዓት ይፈልጋል። የአየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን የሚያበቃው ከፍተኛው ፈቃድ 1,500 ሰዓትና 21 ዓመት ዕድሜ ይጠይቃል።

የአዲሱ አብራሪ ችግር የሚነሣው በ200 እና በ1,500 መካከል ካለው ሰፊ ክፍተት ነው። ፈቃዱ በእጁ አለ፤ ልምድ ግን ገና የለውም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለረዳት አብራሪዎችም ጭምር በመርህ ደረጃ 1,500 ሰዓት የሚጠይቅ ሕግ ተግባራዊ አድርጋለች። ስለዚህ “ፈቃዱን ይያዝ እንጂ ውጭ ሀገር ሄዶ ይቀጠራል” የሚለው ተስፋ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ከመክተቱ በፊት በሰከነ ሁኔታ መመርመር አለበት።

ሁለት መንገዶች

በሀገራችን ወደ አብራሪነት የሚያስገቡት መንገዶች በጥቅሉ ሁለት ናቸው። አንደኛው በአየር መንገድ ተመልምሎ መሠልጠን ሲሆን፣ ለዚህም ዋነኛው ተቋም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥር ያለው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው በግል የበረራ ትምህርት ቤት ከፍሎ ተምሮ፣ ፈቃድ ይዞ ሥራ መፈለግ ነው። በሁለተኛው መንገድ የሚሄድ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ትምህርት ቤቱ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የፈቃዱ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም አቀፍ ደረጃ የተዋወቀው የጥምር አብራሪዎች ፈቃድ ሠልጣኙን ከመነሻው ለአየር መንገድ ረዳት አብራሪነት ያዘጋጃል። በጥቅሉ 240 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ብዙው በሲሙሌተር፣ ማለትም በምስለ በረራ የሚከናወን ነው። ጥንካሬው ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሌላ አብራሪ ጋር ተናቦ መሥራትን መማሩ ነው። ገደቡ ደግሞ ባለቤቱ ተጨማሪ ሥልጠና ሳይወስድ ብቻውን ትናንሽ አውሮፕላኖችን በንግድ ሥራ ማብረር አለመቻሉ ነው። እንዲህ ያለውን ፈቃድ የመረጠ ሰው የመጀመሪያ አሠሪውንም አብሮ እንደመረጠ ሊያስብ ይገባዋል።

ከመፈረም በፊት ማንበብ

አንድ አየር መንገድ የሥልጠና ወጪ ሲሸፍን የአገልግሎት ግዴታ ማስፈረሙ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነው። ግዴታው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ድሃ ቤተሰብ ሊከፍለው የማይችለውን ሥልጠና ያስገኛልና። ሆኖም ፈራሚውም ዋሱም የሚከተሉትን ነጥቦች ለይተው ማወቅ አለባቸው። ግዴታው ስንት ዓመት ነው? የሚቆጠረው ሥልጠናው ከተጀመረበት ነው ወይስ ሥራ ከተጀመረበት ቀን? ሠልጣኙ በጤና ምክንያት ቢቋረጥ ወይም ፈተና ቢወድቅ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? ወደ ሌላ የአውሮፕላን ዓይነት ሲዛወር አዲስ ግዴታ ይጨመራል?

ከደመወዙ በፊትም የሚጠየቅ አለ። ድርጅቱ የደኅንነት ታሪኩ እንዴት ነው? የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበርን የደኅንነት ኦዲት አልፏል? አዲስ ገቢ አብራሪ በወር በቂ ሰዓት ያበራል? የሥራ ጥሪ እሰጣለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣም ማስታወቂያውን ከራሱ ከአየር መንገዱ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ትንሹን አውሮፕላን አለመናቅ

ብዙ ወጣቶች ሕልማቸው ግዙፉ ጄት ነው። ይሁንና በሀገር ውስጥ መስመሮች የሚሠራው ባለ ማራገቢያው ዳሽ 8 ኪው 400 ታላቅ ትምህርት ቤት ነው። በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ መነሣትና ማረፍ፣ ተራሮችን ማቋረጥ፣ የክረምት ደመናን መጋፈጥ በረጅም በረራ በቀላሉ የማይገኝ ልምድ ይሰጣሉ።

የሀገራችን ከፍታም ራሱ አስተማሪ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል፤ የኮምቦልቻውም ከ1,800 ሜትር ይበልጣል። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ይቀንሳሉ፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ይህን ስሌት በየዕለቱ የሚሠራ አብራሪ በየትም ሀገር አያፍርም።

ዝግጅቱ

የመጀመሪያው ዝግጅት የሕክምና ምርመራ ነው። ለንግድ አብራሪ የሚጠየቀው የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ የልብን፣ የጆሮንና የዓይንን ጤንነት ይመረምራል፤ ቀለም የመለየት ችሎታም ይፈተሻል። ይህ ምርመራ መቅደም ያለበት ከክፍያው በፊት ነው። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ችግሩን ማወቅ ድርብ ኀዘን ይሆናል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በዓለም አቀፍ በረራ የሚሳተፍ አብራሪ በእንግሊዝኛ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ ማግኘት አለበት። ከፍተኛው ደረጃ ስድስተኛው ነው። በሬዲዮ አጥርቶ መስማትና መናገር በአንድ ወር ጥናት የሚመጣ ስላልሆነ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሊሠራበት ይገባል።

ሦስተኛው የሂሳብና የፊዚክስ መሠረትን ማጥበቅ፣ አራተኛው የበረራ ሰዓት መዝገብን በእውነት መያዝ ነው። ያልበረሩትን ሰዓት በመዝገብ ማስፈር ፈቃድን ሊያሳጣ ይችላል። በቅጥር ፈተናም የሲሙሌተር መፈተሻ ሲመጣ በወረቀት ብቻ ያለ ሰዓት ራሱን ያጋልጣል። ፈታኞች የሚያዩት የእጅ ቅልጥፍናን ብቻ አይደለም። ስሕተቱን ቶሎ አምኖ የሚያርም፣ ካፒቴኑ ሲሳሳት በአክብሮት ግን በግልጽ የሚናገር ሰው ይፈልጋሉ። “ታላቅ ሲናገር ዝም በል” ተብሎ ላደገ ልጅ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ትዕግሥትም የዝግጅቱ አካል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ አብራሪዎቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ አበበ የካፒቴንነትን ማዕረግ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በ2003 ዓ.ም የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉም ከዚያ በፊት ለዓመታት በረዳት አብራሪነት አገልግላለች።

ሐይቅ ይህን ሥርዓት አሳምራ ታውቀዋለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ከሩቅ እየመጡ ከመምህራቸው እግር ሥር ለዓመታት ይማሩ ነበር። የረዳት አብራሪው ወንበርም የዚያው ዓይነት የትምህርት ወንበር ነው። እናም ለአዲስ አብራሪ የመጀመሪያው አየር መንገድ ትልቁ መመዘኛ “ምን ያህል ይከፍለኛል?” የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ “ከማን አጠገብ ተቀምጬ እማራለሁ?” የሚለው ነው።