ጥላ የሚወደው ዛፍ

ግንቦት 1 ቀን ልደታን ለማክበር የብሎካችን ሰው ንፍሮውንና ጀበናውን ይዞ ወደ ግቢ ሲወርድ፣ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ ወደኋላ ቀረች። ከበረንዳዬ ጥግ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ጀርባ የማኖረውን የቡና ችግኜን ከነቀለም ባልዲው እየጎተተች ፀሐይ ላይ አውጥታው ኖሯል። "እምዬ፣ ጨለማ ውስጥ ስላስቀመጥሽው እኮ ነው የማያድገው" አለችኝ። ደስታዋን ላለመንካት ብዬ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቹ ገረጡ፣ ጫፋቸውም እሳት እንደነካው ወረቀት ቡኒ ሆኖ ተኮማተረ። ልጅቱ አለቀሰች።

ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። የቡናን ዛፍ ለልጅ በቅጡ የነገርኩት ግን ያን ቀን ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ "የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል" ብለን እናልፈዋለን። ልደታ ኮንዶሚኒየም ላደገ ልጅ ደግሞ ቡና የሚጀምረው ከምጣዱ ነው።

አጠገቤ አስቀመጥኳትና ከጫካው ጀመርኩላት። በካፋ፣ በሸካ፣ በኢሉባቦርና በባሌው ሐረና ደን ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ቀረሮ የሚባለው ግዙፍ ዛፍ 40 ሜትር ይደርሳል፤ ከሕንፃችን ጣሪያ አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ከሱ ዝቅ ብለው ዋንዛው፣ ሳሳውና ብርብራው ይቆማሉ። ፀሐይዋ በነሱ ቅጠል ውስጥ፣ ሻይ በማጥለያ እንደሚወርድ፣ ተጣርታ ነው መሬት የምትደርሰው። ቡና የሚኖረው እዚያ ሥር ነው። ለብርሃን ሲንጠራራ ስምንትና አሥር ሜትር ቢደርስም፣ በዚያ ጫካ ውስጥ ትንሹ ልጅ እሱ ነው። ቅጠሉ የለመደው ያንን የተጣራ ብርሃን ስለሆነ የግንቦት ፀሐይ በአንድ ጊዜ ሲያርፍበት ይቃጠላል።

"ታዲያ የእኛ ከየት መጣ?" አለች። ረስታው እንጂ አብረን ነው የተከልነው። መጀመሪያ ከሱቅ የተገዛ ጥሬ ቡና አፈር ውስጥ ቀብራ ስትጠብቅ ከረመች፤ ደርቆ የቆየ ቡና አይበቅልም። በኋላ ወንድሜ ከቦንጋ አምስት ፍሬ እሸት ቡና በመሐረብ ቋጥሮ አመጣልን። ቀዩን ልጣጭ በጣቶቿ ስትጨምቀው፣ በሚጣፍጥና በሚያዳልጥ ፈሳሽ የተለወሱ ሁለት ዘሮች ወጡ፤ ጠፍጣፋ ፊታቸውን ገጥመው የተኙ መንትዮች። ቀበርናቸውና ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን የጎበጠ አረንጓዴ ዘንግ ከአፈሩ ወጣ፤ ውሎ አድሮ ቀና ሲል ያችኑ የተቀበረችውን ቡና አናቱ ላይ ተሸክሟታል! ቅርፊቷ የወለቀ ዕለት በውስጧ ተጠቅልለው የቆዩ ሁለት ክብ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘረጉ።

የእኛ አላበበም። ሰፈራችን ልደታ ለቡና ብርድ ነው። ደን ውስጥ ግን ከበጋው ድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ተኝቶ የከረመው እምቡጥ ሁሉ በቀናት ውስጥ ባንድ ላይ ይፈነዳል። ቅርንጫፉ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ሽታው ጠምበለልን ያስታውሳል፤ በሁለት በሦስት ቀን ደግሞ ይረግፋል። ንቦች ያችን አጭር ጊዜ ያውቋታል። እኛን ከእንቅልፍ የሚያነቃን ካፌይን በአበባው ወለላ ውስጥም በትንሹ አለ፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት ንቧ የአበባውን ሽታ እንድታስታውስ ይረዳታል። ያው ካፌይን ቅጠሉንና ፍሬውን ለሚበሉ ነፍሳት መርዝ ነው። ፍሬው ለመቅላት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጅበታል። ከዚያ ጦጣውም ወፉም ይመጣል፤ ልጣጩን በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥልለታል።

ስሙን ሳስብ ይቆጨኛል። ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ኮፊያ አረቢካ፣ የዓረብ ቡና፣ ብሎ መዘገበው፤ አውሮፓ የደረሰው በየመን በኩል ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1714 አምስተርዳም ለፈረንሣዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ተክል ሰጠች፤ በአሜሪካ አህጉር ከተስፋፋው ቡና ብዙው ከእንዲህ ያሉ ጥቂት ተክሎች የተወለደ ነው። አብዛኛው ቤተ ዘመዱ ያለው ግን እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያበሰብስ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ ጅማ አጠገብ መልኮ ያሉት ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ያገኙት ከዚሁ ከራሳችን ቡና መካከል ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋንና የያዩን ደኖች የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዘገባቸው። ሆኖም የዱሩ ቡና ዛሬ የመጥፋት ሥጋት ካንዣበበባቸው ዕፅዋት ተርታ ገብቷል። ቀረሮው ለጣውላ ሲቆረጥ ቡናውን ማንም ባይነካውም፣ እንደኛ ባልዲ ፀሐይ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ይኼን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ተነሥታ ባልዲውን ወደ ጥጉ መለሰችና ከቁም ሣጥኔ አሮጌ ነጠላ አውጥታ ገመዱ ላይ ዘረጋችለት። ባለፈው ሳምንት ከተቃጠሉት ቅጠሎች መሐል፣ ከጥፍሬ የማይበልጡ፣ ቅባት የተቀቡ የሚመስሉ ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት ወጡ። ነጠላዬን ለማጠብ ላወርደው ስል እጄን ያዘችኝ።

"እምዬ፣ እሱ እኮ ቀረሮው ነው።"